ጃርቷ ብርዱን እንድታልፍ ጓሮው ምን ይሁንላት?

መነሻ ጥያቄ

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ ክሩን፣ ማለትም ተከታታይ ጥያቄና መልሱን፣ የከፈተችው ሴት ጥያቄዋ አጭር ነበር። ሌሊት ሌሊት ጓሮዋ ውስጥ አንዲት ጃርት ትመጣለች። ረጃጅም እሾህ ያላት ትልቋ አይደለችም። በሁለት መዳፍ የምትያዘው፣ ስትደነግጥ ድብልብል የምትለው ትንሿ ናት። ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል፤ ሌሊቱም እየቀዘቀዘ ነው። ጠያቂዋ አዝናላት ወተት በሳህን እያስቀመጠች ነው። የጓሮውን ቅጠል ጠርጋ፣ ጭራሮ ጨምራበት፣ ለማቃጠል ከምራለች። አሁን የቸገራት አንድ ነገር ነው፦ ጃርቷን ቤት አስገብታ ብርዱን በሙቀት ታሳልፋት ወይስ ውጭ ትተዋት?

ጥያቄዋን የወደድኩት ያደረገችውንም ያሰበችውንም ሳትደብቅ በመዘርዘሯ ነው። ወተቱ፣ ጽዳቱ፣ እሳቱ፣ ቤት ማስገባቱ፣ ደግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ይሄንኑ ነው። ክሩም በዚህ ምክንያት ረዘመ። መልሶቹን በየተራቸው እነግራችኋለሁ፤ የሚጠቅመው ላይ ቆም እላለሁ፣ ሌላውን ቶሎ አልፋለሁ።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው መላሽ በትህትና ከወተቱ ጀመረ። ጃርት ወተት አይስማማትም። ወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የሚባል ስኳር ሆዷ አይፈጭም። ስታገኘው ትጠጣዋለች፤ ከዚያ ተቅማጥ ይይዛትና ሰውነቷ ውሃ ያልቅበታል። ትንሽ ጃርት በዚህ ብቻ ልትሞት ትችላለች። ዝርግ በሆነ ሳህን ንጹሕ ውሃ ይበቃታል አለ። ዳቦም ቢሆን ሆድ ከመሙላት በቀር ጥቅም የለውም ብሎ አከለ። በክሩ ውስጥ ማንም ያልተከራከረበት ነጥብ ይሄ ብቻ ነው።

2ኛ መልስ

ይህ መልስ ረጅም ነው። እኔም እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ይሄ ካልገባን የቀረው ምክር ሁሉ በዘፈቀደ ይሆናል። መላሹ ጃርቷ ለምን እንደምትተኛ ከሥሩ አስረዳ። እንቅልፉ ከብርድ መሸሺያ ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው ረሃብ አለ። የምትበላው ጥንዚዛ፣ አባጨጓሬና የመሬት ትል በብርዱ ወራት ይመናመናል ወይም ወደ ጥልቅ አፈር ይገባል። ገቢ ሲጠፋ ወጪ መቀነስ ነው። ስለዚህ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የነበረው ሙቀቷ እየወረደ የአካባቢውን ቅዝቃዜ ይጠጋል፤ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይደርሳል። ነቅታ ሳለች በደቂቃ 190 ጊዜ ያህል የሚመታው ልቧ ወደ 20 ዝቅ ይላል። ትንፋሿም በጣም ስለሚራራቅ ለማያውቅ ሰው የሞተች ትመስላለች። በአውሮፓ ይህ እንቅልፍ ከኅዳር ግድም ጀምሮ እስከ መጋቢት ይዘልቃል፤ እንደ አየሩ ጠባይ ግን ይቀድማል፣ ይዘገያልም።

ቀጥሎ የተናገረው ነገር ለብዙ አንባቢ አዲስ ሳይሆን አልቀረም። ጃርቷ አንዴ ተኝታ እስከ መጨረሻው አትቆይም። በየመሃሉ በራሷ ትነቃለች፤ አንዳንዴም ጎጆ ትቀይራለች። በነቃች ቁጥር ሰውነቷን መልሳ ለማሞቅ ያጠራቀመችውን ስብ ታነዳለች። በራሷ ጊዜ ለምትነቃው ስንቅ ይዛለች። ሰው ነካክቶ ሲቀሰቅሳት ግን ያልታሰበ ወጪ ነው። ስቡ ብርዱ ሳያልፍ ካለቀ ደግሞ መነሳት አትችልም። ቤት ማስገባትም ችግሩ ይኸው ነው አለ፤ የቤቱ ሙቀት እንቅልፉን ይነሳታል፣ ሰው መሃል መሆኑም ያስጨንቃታል። ጤነኛ ሆና የወፈረች ጃርት ቦታዋ ውጭ ነው ብሎ ጨረሰ።

3ኛ መልስ

አንድ አዛውንት ስለ ክምሩ ጻፉ። እሳቸው ቅጠልና ጭራሮ ከምረው ለጥቂት ቀናት ካቆዩ በኋላ ሊለኩሱት ሲሉ አንድ ጎረቤት አስቆማቸው። ከላይ ከላዩ እያነሱ ሲያዩት ከሥሩ ድብልብል ብላ የተኛች ጃርት ተገኘች። እንዲህ ያለ ክምር ለሰው ቆሻሻ ነው፤ ለእሷ ግን ስትፈልገው የኖረችው መኝታ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው ሲሉ ጠያቂዋን እንደ ልጃቸው መከሯት። የግድ የሚቃጠል ከሆነ ክምሩ በዚያው ዕለት ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር። ሲዛወርም በመንሽ አይወጋ፤ በእጅ ወይም በእንጨት ቀስ ተብሎ ይነሳ። እሳቱ ሲለኮስ ዙሪያውን ሳይሆን በአንድ ጎን ብቻ ይሁን፣ የተረሳ ፍጥረት ካለ ማምለጫ እንዲያገኝ። ምኞታቸው ግን ክምሩ ጨርሶ ሳይቃጠል ጥግ ላይ እንዲቀር ነው።

4ኛ መልስ

አንዲት ሴት የመብል ነገር አነሳች። እሷ ሥጋ የበዛበትን የድመት ወይም የውሻ ምግብ ታቀርባለች፤ ለድመት ግልገሎች የሚዘጋጀውን ደረቅ ምግብም እንዲሁ። በተጨማሪ ለወፍ የሚሸጠውን የደረቀ ትል እፍኝ እፍኝ ትበትናለች። ጃርቶቹ ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት እሱን ነው አለች።

5ኛ መልስ

ነገሩ እዚህ ላይ መክረር ጀመረ። አምስተኛው መላሽ 4ኛዋን በስም ጠቅሶ፣ ጃርት ስለወደደችው ብቻ መስጠት ደግነት አይደለም አለ። የደረቀው ትል ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው። አብዝታ የበላችው ጃርት አጥንቷ ይሳሳል፤ እግሯ እየታጠፈ መራመድ የሚያቅታትም አለች። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ ግን ጃርት መመገብ ራሱ ስህተት ነው፤ ሰው ምግብ ካስቀመጠላት መተኛቷን ትረሳለች ሲል ደመደመ። ቃናውም ሸካራ ነበር።

6ኛ መልስ

4ኛዋ ተመልሳ መጣች። የትሉን ነገር አላውቅም ነበር፣ አቆማለሁ ብላ ተቀበለች። የመተኛቱን ነገር ግን አልተቀበለችም። ብርዱ ሲበረታ ምግብ ሞልቶ እያለ ጃርቶቿ ጥለውት ይሄዳሉ፤ ሳህኑ ሳይነካ ያድራል። ስለዚህ የምታደርገው ቀላል ነው፦ ምግቡ ለተከታታይ ሌሊቶች ካልተነካ ትቀንሳለች፣ ውሃውን ግን ሁልጊዜ ትተዋለች። በመሃል ነቅታ የምትወጣ አትጠፋምና።

በዚህ ላይ ፍርዴ ከእሷ ጋር ነው። ከእንቅልፉ በፊት ያለው ጊዜ ጃርቷ የምትወፍርበት ነው። ያኔ የተሰጣት ደህና ምግብ ብርዱን ሁሉ የሚያሻግራት ስብ ይሆናል። 5ኛው የተናገረው ስለ ትሉ እውነት ስለሆነ ብቻ የቀረው ሁሉ እውነት አይሆንም።

7ኛ መልስ

ጠያቂዋ ጃርቷን በወጥ ቤት ሚዛን መዝና መጣች። ወፍራም ጓንት አድርጋ፣ በሳህን አስቀምጣ፣ 390 ግራም አገኘች። ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?

8ኛ መልስ

በዱር እንስሳት መንከባከቢያ በበጎ ፈቃድ የምታገለግል ሴት መለሰች። ክሩ ውስጥ በጣም ያመንኩት የእሷን ቃል ነው፤ ሳታጋንን፣ ሳታስፈራራ ትናገራለች። ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም አለች። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዝቅተኛ መጠን 450 ግራም ነው። አንዳንድ ተንከባካቢዎች 600 እንዲደርስ ይፈልጋሉ። ጃርቷ በእንቅልፉ ወራት ከክብደቷ ሲሶ ያህሉን ልታጣ ስለምትችል ትርፍ ሊኖራት ይገባል። ግን ጊዜውም ይታያል። አየሩ ገና ለዘብ ካለና ጥንዚዛ ካልጠፋ 390 ግራም የሆነች ወጣት ጃርት ለመድረስ ጊዜ አላት። በደንብ ትመገብ፣ በየሳምንቱ ትመዘን፣ ከጨመረች ትተው። ውርጩ ከገባ በኋላ ያው 390 ከሆነች ግን የሚያውቅ ሰው ዘንድ መደወል ነው።

እንዲህ የሚሆኑት ዘግይተው የተወለዱት መሆናቸውን ጨመረች። አንዳንድ እናቶች ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ይወልዳሉ። ግልገሎቹ ጡት ጥለው ራሳቸውን ሲችሉ መሬቱ መቀዝቀዝ ጀምሯል። ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቁት እነሱ ናቸው።

ክብደት ብቻ ሳይሆን ቅርጿም ይታይ አለች። ደህና የወፈረች ጃርት ስትራመድ ከኋላዋ ክብ ናት፤ እንባ ጠብታ ትመስላለች። የከሳችው አንገቷ ላይ ከጭንቅላቷ ጀርባ ይሰረጉዳል፤ ጎንና ጎኗም ይገባል። ሚዛን የሌለው ሰው በዚህ ይለያል።

9ኛ መልስ

አንድ እንጨት ሥራ የሚወድ ሰው የመኝታ ሣጥን አሠራር ጻፈ። ከኮምፔንሳቶ ይሠራል፤ መርዛማ ቀለም ወይም መከላከያ ያልተቀባ ይሁን። ውስጡ 40 በ30 ሴንቲሜትር ግድም፣ ቁመቱም 30 ቢሆን ይበቃል። መግቢያው 13 በ13 ሴንቲሜትር ነው፤ ከዚያ ከሰፋ ድመት ወይም ሌላ አዳኝ ይገባበታል። ከመግቢያው ቀጥሎ ግማሽ ግድግዳ ይቆምና ጃርቷ ታጥፋ ወደ መኝታዋ ታልፋለች። ያቺ መታጠፊያ ነፋሱንም የድመቱንም መዳፍ ትከለክላለች። ጣሪያው ወደ ኋላ ዘመም ይበል፤ ወለሉ ውሃ እንዳይመጠው በጡብ ከፍ ይበል። ሣጥኑ ጥላ ባለበት ጸጥተኛ ጥግ ይቀመጥና በቅጠልና በአፈር ይሸፈን። ፀሐይ የሚመታው ቦታ አይሆንም፤ በብርዱ ወር አንድ ሞቃት ቀን ያለጊዜዋ ሊቀሰቅሳት ይችላል። መግቢያው ቀዝቃዛው ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒው አቅጣጫ ይዙር።

እሱ ውስጡን በደረቅ ድርቆሽ ጠቅጥቆ እንደሞላውም በደስታ ጻፈ።

10ኛ መልስ

ቀጣዩ መላሽ 9ኛውን ስለ ሥራው አመሰገነና ሁለት ነገር አረመ። ድርቆሽ እርጥበት ሲያገኝ ይሻግታል፤ ቀጫጭኑ ሣርም እግሯ ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ደረቅ የዛፍ ቅጠል ይበልጣል። ሁለተኛ፣ አየር መግቢያ ተረስቷል፤ ትንሽ ቱቦ ወይም ቀዳዳ ካልተደረገለት ትንፋሿ ግድግዳው ላይ ውሃ ይሆናል። ደግሞም ሣጥኑን ሰው መሙላት የለበትም አለ። ጥቂት ቅጠል ውስጥ፣ ብዙ ቅጠል መግቢያው አጠገብ፤ የቀረውን ለእሷ መተው።

ይህን ያለበት ምክንያት ድንቅ ነው። ጃርቷ ቅጠሉን በአፏ እየያዘች ታመላልሳለች። ከምራ ስትጨርስ መሃሉ ትገባና በቦታዋ ትሽከረከራለች። እሾኋ ቅጠሉን እያበጠረ፣ እያስተኛ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ይደርበዋል። ግድግዳው እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ እስከ 20 ሴንቲሜትር ሊወፍር ይችላል። ዝናብ አያሳልፍም፤ የውስጡም ሙቀት ውጭው እየተለዋወጠ እንኳ ብዙ አይዋዥቅም። በሰው እጅ የተጠቀጠቀ ድርቆሽ ይሄን አይሠራም።

11ኛ መልስ

አንዲት ሌላ ሴት ሣጥኑ ጨርሶ አስፈላጊ አይደለም አለች። የወደቀ ግንድና ቅርንጫፍ ጥግ ላይ ተከምሮ፣ በላዩ ቅጠል ከተደፋበት፣ ከቁጥቋጦ ሥርም ካልተጠረገ፣ ጃርቷ የራሷን ቤት ትሠራለች። ከዚህም በላይ ያ የበሰበሰ ግንድ ጥንዚዛና ትል ያራባል። መኝታና ማዕድ አንድ ላይ ማለት ነው። 9ኛው ቅር ሳይለው አልቀረም፤ ሣጥን የሠራሁት ሥራ ፈትቼ አይደለም የሚል ቃና ያለው አጭር መልስ ሰጠ። ለነገሩ ሁለቱም ልክ ናቸው። ጓሮው ሲሚንቶና አጭር ሣር ብቻ ከሆነ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ጥግ የሚተው ቦታ ካለ ግንዱ ይበልጣል።

12ኛ መልስ

አጥር ተነሳ። ጃርት በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ሁለት ትሄዳለች። አንድ ጓሮ ብቻውን አያጠግባትም። ስለዚህ ከአጥሩ ሥር ያው 13 በ13 ሴንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ ይከፈት። በብሪታንያ ሁለት የጥበቃ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጎረቤቶች አጥራቸውን በዚህ መንገድ እንዲያገናኙ ሲቀሰቅሱ ቆይተዋል። መላሹ ይህን ጠቅሶ፣ ለጃርት አንድ ሣጥን ከመሥራት ሁለት አጥር መብሳት ይቀድማል አለ። እኔም እንደዚያው አምናለሁ። መንገድ ከሌላት የት ሄዳ ትወፍራለች?

13ኛ መልስ

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ መንገዱን ሳተ። አንድ ሰው ጎረቤቱ ቀዳዳውን በጡብ እንደደፈነበት በምሬት ጻፈ። ሌላው ስለ ወሰን ክርክር፣ ሦስተኛው ስለ ጎረቤት ውሻ ጩኸት ቀጠሉ። ቁም ነገር የነበረው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፦ ከመብሳት በፊት ጎረቤትን ማስፈቀድ፣ ከተቻለም ጃርቷን በሌሊት አብሮ እንዲያይ መጋበዝ። አንዴ ያያት ሰው ቀዳዳውን አይደፍንም።

14ኛ መልስ

ስለ ማሽኖች። በሌሊት የሚሠራ ሮቦት ሣር ማጨጃ ለጃርት አደገኛ ነው፤ ጃርት አደጋ ሲመጣ አትሮጥም፣ ባለችበት ትጠቀለላለች። የዴንማርክ ተመራማሪዎች የተለያዩ ሞዴሎችን በሞቱ ጃርቶች ላይ ሞክረው አንዳቸውም ጃርቷን ሳይነኩ መኖሯን እንደማያውቁ አይተዋል። በጀርመንም በሌሊት እንዳይሠሩ የከለከሉ ከተሞች አሉ። መላሹ ማሽኑ በቀን ብቻ ይሠራ፣ ረጅም ሣር በገመድ ማጨጃ ከመቆረጡ በፊት በእግርና በዱላ ይፈተሽ አለ። የስፖርት መረብና የአትክልት መረብም ከመሬት ከፍ ይበል፤ ተጠምጥማበት ታድራለችና። ኩሬ ያለው ሰው መውጫ ተዳፋት ያድርግበት። መዋኘቱን ትችላለች፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ ግን መውጣት አትችልም።

15ኛ መልስ

አጭር ጥያቄ። አትክልቱን የሚበላበትን ቀንድ አውጣ በመርዝ መግደል ጃርቷን ይጎዳል ወይ?

16ኛ መልስ

ይጎዳል። ሜታልዲሃይድ የሚባለው የቀንድ አውጣ መርዝ በታላቋ ብሪታንያ ከቤት ውጭ እንዳይውል የተከለከለው እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 መጨረሻ ጀምሮ ነው። ምክንያቱም በወፎችና በትናንሽ አጥቢዎች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነበር። መላሹ ከመርዙ ሌላ የረሃቡን ነገር አስታወሰ። ጥንዚዛውንና ትሉን በመርዝ የጨረሰ ሰው ከእንቅልፍ በፊት መወፈር ያለባትን ጃርት ስንቅ ነጥቋታል።

17ኛ መልስ

ይሄኛው ውሃ ቸለሰበት። ለምንድን ነው ይሄ ሁሉ ድካም ብሎ ጠየቀ። በኒውዚላንድ ጃርት ተባይ ናት። ሰፋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምሮ ከአውሮፓ አምጥተዋት፣ ዛሬ መሬት ላይ የሚጥሉ ወፎችን እንቁላልና አገር በቀል ነፍሳትን ትጨርሳለች። በስኮትላንድ ዩስት በተባሉ ደሴቶችም እ.ኤ.አ. በ1974 ገብታ የባሕር ዳር ወፎችን ጎድታለች። የምታዝኑላት ቆንጆ ስለሆነች ብቻ ነው አላቸው።

18ኛ መልስ

ሦስት ሰው ተንጫጫበት። አንዱ ልብ የለህም አለው። ሌላው ወደ ስድብ ተጠጋ። ያ አያስፈልግም ነበር፤ ሰውዬው ያመጣው እውነታ እውነት ነው። 8ኛዋ፣ ያቺ በጎ ፈቃደኛ፣ ግን በጨዋነት መለሰችለት። ተባይ የሆነችው ሰው ወስዶ በጣላት አገር ነው። በተወለደችበት አውሮፓ ደግሞ እየጠፋች ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የምዕራብ አውሮፓን ጃርት ለመጥፋት አደጋ ወደተቃረቡት መደብ አዛውሯታል። በዩስትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ግድያ ቆሞ ጃርቶቹ እየተያዙ ወደ ዋናው ምድር መወሰድ ጀመሩ። እናም ምክሩ እሷ ተወላጅ በሆነችበት ጓሮ የሚሠራ ነው፤ በኒውዚላንድ የሚኖር ሰው ሣጥን አይሥራ አለችው። ሰውዬው ዳግመኛ አልጻፈም።

19ኛ መልስ

የክሩ ኃላፊ ገብቶ ሰው ሳይሆን ሐሳብ ይተች ብሎ ለሁሉም አሳሰበ። ሁለት አስተያየቶችንም ሰረዘ።

20ኛ መልስ

አንድ አባት ልጆቹ ጃርት እንዳይነኩ ይፈራል፤ ቁንጫዋ ወደ ውሻው ይተላለፋል ብሎ ሰምቷል። ተከትሎ የመጣው መልስ እንዲህ ነው፦ የጃርት ቁንጫ ለጃርት የተፈጠረ ዝርያ ነው፤ ውሻ ላይ ቢወጣም አይረባም። የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ግን ጃርት ላይ አይነፋም፣ ሊገድላት ይችላል። ሳልሞኔላ የሚባለውን የተቅማጥ ባክቴሪያ ልታስተላልፍ ስለምትችል የሚነካት ሰው ጓንት ያድርግ፣ እጁንም ይታጠብ። ልጆች በዓይናቸው ይበቃቸዋል።

21ኛ መልስ

ጠዋት ላይ በድንጋጤ የተጻፈ ነው። አንዲት ሴት ጃርት በጠራራ ፀሐይ ሣሩ ላይ ተዘርግታ አገኘች። ፀሐይ እየሞቀች መሆኑ ደስ ብሏት ፎቶ አነሳቻት፤ ግን ይሄን ክር አንብባ ጥርጣሬ ገባት።

22ኛ መልስ

8ኛዋ በደቂቃዎች ውስጥ መለሰች። ክሩን ለአንድ መልስ ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይሄንን ያንብብ። ጃርት የሌሊት እንስሳ ናት። በቀን ሣር ላይ የተዘረጋች፣ የምትንገዳገድ ወይም ዝንብ የከበባት ጃርት ፀሐይ እየሞቀች አይደለም። ሰውነቷ ቀዝቅዞ አቅም አንሷታል። በሞቃቱ ወቅት ግልገል ያላት እናት በቀን ፈጠን ፈጠን ብላ ቅጠል ስታመላልስ ልትታይ ትችላለች። በብርዱ ወቅት በቀን መታየት ግን የችግር ምልክት ነው።

የሚደረገው በቅደም ተከተሉ ይሁን አለች። በጓንት ወይም በፎጣ ትነሳ። ግድግዳው ከፍ ባለ ካርቶን ትግባ፤ ጃርት መውጣት ትችላለችና ዝቅ ያለው አይይዛትም። ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ ከሥሯ ይደረግ፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ቦታም ይተውላት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ወዲያው ይቀየር፤ የቀዘቀዘ ጠርሙስ የቀራትን ሙቀት ይወስድባታል። ካርቶኑ ጨለማና ጸጥታ ባለበት ይቀመጥ። ሰውነቷ ሳይሞቅ ምግብ አይሰጣት፤ የቀዘቀዘ ሆድ አይፈጭም። ከዚያ ሳይውል ሳያድር የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ወይም የእንስሳት ሐኪም ጋ ይደወል። ቤት አቆይቶ በራስ ማከም አይቻልም። የሳንባ ትል የያዛት ጃርት ለምሳሌ የሐኪም መድኃኒት ካላገኘች መወፈርም አትችልም። በጀርመን ሕጉም ይሄንኑ መንገድ ይዟል፤ የዱር ጃርት መያዝ የሚቻለው ስትታመም ወይም ስትጎዳ፣ እሱም እስክትድን ብቻ ነው።

ደግማ ያሳሰበችው ልዩነት አለ። ጎጆዋ ውስጥ ተጠቅልላ የቀዘቀዘች ጃርት ተኝታለች፤ አትነካ። ሜዳ ላይ ተዘርግታ የቀዘቀዘች ጃርት እየሞተች ነው፤ ትነሳ።

23ኛ መልስ

የጠራራ ፀሐይዋ ሴት ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ደውላ፣ ጃርቷም ተወስዳለች። ፎቶውን አጥፍታ ክሩን ለጎረቤቶቿ እንደላከች ጻፈች።

24ኛ መልስ

ከዚያ ውጥረት በኋላ አንድ ሰው የሚያስደስት ነገር ይዞ ገባ። በዴንማርክ ሰዎች ሞተው ያገኟቸውን ጃርቶች ለተመራማሪዎች ሰብስበው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። ከመሃላቸው አንዱ 16 ዓመት የኖረ ሆኖ ተገኘ። አማካዩ ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ዕድሜው የታወቀው በመንጋጋው አጥንት ነው። በእንቅልፉ ወራት የአጥንቱ እድገት ስለሚገታ በየዓመቱ አንድ መስመር ይቀራል። 16ቱን የብርድ ወቅቶች አጥንቱ መዝግቧቸዋል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ያለፈች ጃርት ብዙ ልትቆይ እንደምትችል ያሳያል አለ። ለ390 ግራሟ የተጻፈ መልስ መስሎ ተሰማኝ።

25ኛ መልስ

ጠያቂዋ ተመለሰች። ክምሩን አላቃጠለችም፤ ጥግ ላይ አድርጋ ግንድ ጨመረችበት። 9ኛው የጻፈውን ሣጥንም በ10ኛው እርማት አሠርታለች። ጃርቷ መጨረሻ ስትመዘን 520 ግራም ሆናለች። አሁን ምግቡ ሳይነካ ማደር ጀምሯል። አንድ ነገር አላስቻላትም፦ ክዳኑን ትንሽ ከፍ አድርጋ ገብታ እንደሆነ ብታይ ምን አለበት?

26ኛ መልስ

ቢያንስ አምስት ሰው በአንድ ድምፅ አይሆንም አላት። 5ኛው፣ ያ ሸካራው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቴ ብሎ ጠርቷት የተሻለ ዘዴ ነገራት። መግቢያው ላይ ቀጭን ጭራሮ ወይም አንድ ደረቅ ቅጠል ዘንበል አድርጋ ታቁም። ጠዋት ከወደቀ የገባ ወይም የወጣ አለ። ለሳምንታት እንደቆመ ከቆየ ወይ ባዶ ነው ወይ ተኝታለች፤ በሁለቱም ክዳኑ አይነሳም።

27ኛ መልስ

የመጨረሻው ጥያቄ ሣጥኑ መቼ ይጸዳል የሚል ነበር። 10ኛው መለሰ። ብርዱ አልፎ ጃርቷ መውጣቷ ሲረጋገጥ፣ ማለትም ጭራሮው መውደቅ ከጀመረና ምግቡም እንደገና መበላት ከጀመረ በኋላ። ግን አይዘግይ፤ ሳይጸዳ ከቆየ ግልገል ሊወለድበት ይችላል፣ ያኔ አይነካም። ያ ጊዜ ካመለጠ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ለአዲሱ እንቅልፍ ሳትዘጋጅ በፊት ይጸዳል። አሮጌው ቅጠል ይወጣል፤ ውስጡ በፈላ ውሃ ይታጠባል፤ ኃይለኛ ኬሚካል አይገባበትም። በደንብ ከደረቀ በኋላ ጥቂት አዲስ ቅጠል ይደረግበትና እዚያው ቦታው ይመለሳል።